ከመሬቱ በፊት ጥናቱ
በደን በተሸፈነ ወረዳ ለማልማት ለሚያስቡ የፈቃድ ቅደም ተከተል ትምህርት

ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወርዶ ቡና ወይም ሻይ ለማልማት የሚያስብ ባለሀብት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ይነሳል። የመጀመሪያው ‹‹ስንት ሄክታር ይሰጠኛል?›› ነው። ሁለተኛው ‹‹ኪራዩ በዓመት ስንት ነው?›› የሚል ነው። ሦስተኛው ‹‹ባንክ ምን ያህል ያበድረኛል?›› ነው። አራተኛው ጥያቄ፣ ይኸውም ‹‹መሬቱ ለዚህ ሥራ ይፈቀዳል ወይ?›› የሚለው፣ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቢሮ ተከፍቶ፣ ትራክተር ተገዝቶና ችግኝ ፈልቶ ካበቃ በኋላ ነው።

ደን በሌለበት ወረዳ ይህ አካሄድ ብዙ ላያስከፍል ይችላል። ደን ባለበት ወረዳ ግን ሥራውን ከነካፒታሉ ሊበላው ይችላል። ምክንያቱም ደን ባለበት ቦታ የመሬት ውል፣ የኢንቨስትመንት ፈቃድና የአካባቢ ይሁንታ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። አራተኛውን ጥያቄ አንደኛ ያደረገ ባለሀብት ገንዘቡን ያድናል፤ መጨረሻ ያደረገው ደግሞ ከራሱ አልፎ በደኑ የሚተዳደረውን ጎረቤቱንም ያከስራል። ለምሳሌ እንዲሆን የሸካን ዞን እንመልከት።

የቦታው ጠባይ

ሸካ ማሻ፣ አንድራቻና የኪ የተባሉ ወረዳዎች ያሉት ዞን ነው። ቀድሞ በደቡብ ክልል ሥር ነበር፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አንዱ ዞን ሆኗል። ከላይ በማሻና በአንድራቻ በኩል ደጋው ደን ይበዛል፤ ወደ ቴፒ ሲወረድ ቡናው ይበዛል። ከዚህ አካባቢ የሚነሱ ወንዞች ወደ ባሮ አኮቦ ተፋሰስ ይገባሉ።

ገበያ የሚወጣው ምርትም በአብዛኛው ከደን ጥላ ሥር የሚገኝ ነው። ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የአካባቢው ነጭ ማር የሚገኘው ገተም ከሚባለው ዛፍ አበባ ሲሆን ንቦቹ የሚቀስሙት ደኑ ቆሞ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ በሸካ ዛፍ ሲቆረጥ የሚጠፋው ግንድ ብቻ አይደለም። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢም አብሮ ይጠፋል።

የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። ጠቅላላ ስፋቱ 238,750 ሄክታር ሲሆን በሦስት ቀጠናዎች ተከፍሏል። አስኳሉ ቀጠና 55,255 ሄክታር፣ ከለላ የሚሆነው ቀጠና 76,175 ሄክታር፣ የሽግግር ቀጠናው ደግሞ 107,320 ሄክታር ነው። በመቶኛ ሲሰላ አስኳሉ 23፣ ከለላው 32፣ የሽግግሩ 45 ገደማ ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ለነጋዴ ምን ይነግሩታል? አስኳሉ ለጥበቃ የተተወ ነው፤ እዚያ እርሻ ማሰብ ዋጋ የለውም። ከለላው ደኑን የማይጎዱ ሥራዎች፣ እንደ ማርና የደን ቡና ለቀማ ያሉት፣ የሚካሄዱበት ነው። መኖሪያ፣ እርሻና ሌላ ልማት የሚታሰበው በሽግግሩ ቀጠና ነው። ስለሆነም በዞኑ ካርታ ላይ አረንጓዴና ሰፊ ሆኖ ከሚታየው ከዚህ ክልል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለመደበኛ እርሻ የሚታሰብ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት መታረም አለበት። የዩኔስኮ ምዝገባ በራሱ የቅጣት ሕግ አይደለም፤ መሬቱ በኢትዮጵያ ሕግ ሥር እንደሆነ ይቀጥላል። አንዳንድ ባለሀብቶች ይህን ሰምተው ‹‹እንግዲያው ምዝገባው ስም ብቻ ነው›› ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ምዝገባው የቀጠናውን ካርታ በይፋ አስቀምጧል። ካርታው ደግሞ የአካባቢ ጥናት የሚመረምረው ባለሙያ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወረቀት ነው።

መሬቱ የመንግሥት፣ ደኑስ የማን?

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ያው አንቀጽ የግል ባለሀብቶች በክፍያ በመሬት የመጠቀም መብት እንደሚኖራቸው ይናገራል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገር ግን አንቀጽ 43 ሕዝቡ በልማት ጉዳይ እንዲመከርበት፣ አንቀጽ 44 ደግሞ በንጹሕ አካባቢ እንዲኖር መብት ሰጥቶታል። የባለሀብቱና የነዋሪው መብት የሰፈሩት በአንድ ሰነድ ላይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ደኑን በሚመለከት የሕጉ አስተሳሰብ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለውጧል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 542 የሚያውቃቸው የደን ይዞታዎች ሁለት ነበሩ፤ የመንግሥትና የግል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ግን የማኅበረሰብና የማኅበራት ደን የሚሉ ሁለት ጨምሮ አራት አደረጋቸው። ይህ ለባለሀብቱ ትልቅ ለውጥ ነው። ቀድሞ ‹‹ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ከመንግሥት ጋር ከተስማማሁ ይበቃል›› ይባል የነበረበት ደን አሁን ሕጋዊ ባለይዞታ ማኅበረሰብ ሊኖረው ይችላል።

ከወረቀቱ ውጭ ያለው ይዞታም አለ። በማሻና በአንድራቻ ገጠር ‹‹ኮቦ›› የሚባል ልማዳዊ የደን ይዞታ ይታወቃል። አንድ ቤተሰብ ከአባቶቹ በወረሰው የደን ክፍል ቀፎውን ይሰቅላል፣ ኮረሪማውን ይለቅማል። የሌላ ሰው ቀፎ እዚያ አይሰቀልም። ወሰኑን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ካርታ ግን የለውም። ከሩቅ ሆኖ በሳተላይት ምስል የሚያይ ሰው ጎጆና ማሳ ስለማያገኝ ‹‹ባዶ መሬት›› ብሎ ይመዘግበዋል። ውዝግቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባለሀብቱ ባዶ ነው የተባለውን መሬት ተረክቦ ሲደርስ በየዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ያገኛል።

ለመሆኑ ‹‹ደን›› ማለት ምንድን ነው? ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. በተቀበለችው ትርጉም መሠረት ስፋቱ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ የቅጠሉ ሽፋንም ቢያንስ 20 በመቶ የሆነ መሬት ደን ነው። ቀርከሃም ይቆጠራል። እንግዲህ ሌላው ሰው ‹‹ቁጥቋጦ ነው፣ ተመንጥሯል›› የሚለው ቦታ በሕጉ መለኪያ ደን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዓይን ተገምቶ የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ መለካት አለበት።

ሦስት በሮች

በደን ወረዳ የሚገባ ባለሀብት ሦስት በሮች ያንኳኳል። የመጀመሪያው የመሬት አስተዳደር በር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 የ1997ቱን አዋጅ ቁጥር 456 ተክቷል። ከዚህ በር የሚገኘው ውል መሬቱን ለተወሰነ ዘመን፣ ለተወሰነ አገልግሎት ለመጠቀም የሚያስችል ነው። ዛፍ ለመቁረጥ የሚያስችል ፈቃድ አይደለም።

ሁለተኛው የኢንቨስትመንት በር ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1180 መሠረት የሚሰጠው ፈቃድ ባለሀብቱ በዘርፉ እንዲሰማራና ማበረታቻ እንዲጠይቅ መንገድ ይከፍትለታል። አዋጁ ባለሀብቱን ከአካባቢ ሕግ ነጻ አያወጣውም፤ እንዲያከብር ያስገድደዋል እንጂ።

ሦስተኛው የአካባቢ ጥበቃ በር ነው። ከሁሉም የሚዘነጋው ይህ ነው። እዚህ የሚገኘው ወረቀት ‹‹ይህ ሥራ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ መንገድ ቢሠራ ጉዳቱ ይቻላል›› የሚል ይሁንታ ነው። በፌዴራል ደረጃ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል፤ ባለሥልጣን፣ ሚኒስቴር፣ ኮሚሽን ሲባል ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደገና ሲዋቀሩ ወደ ባለሥልጣንነቱ ተመልሷል። የደን ልማቱ ሥራ ያኔ ለብቻው ተለይቷል። በመሆኑም የደን ባለሙያ ‹‹እኔ አልቃወምም›› ማለቱ የአካባቢ ይሁንታ ተገኘ ማለት አይደለም።

የ1995ቱ አዋጅ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል

የጉዳዩ ዋና ምሰሶ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ነው። አዋጁ ያስቀመጠው መርህ ግልጽ ነው። ጥናት የሚያስፈልገው ማንኛውም ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር የለበትም። ፈቃድ ሰጪው አካልም የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ይህ ይሁንታ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ታዟል። ይሁንታው ከታገደ ወይም ከተሰረዘ ፈቃዱም አብሮ ይታገዳል ወይም ይሰረዛል።

የቀድሞው ባለሥልጣን በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው የአሠራር መመሪያ ፕሮጀክቶችን በሦስት መደብ ከፍሏቸው ነበር፤ ሙሉ ጥናት የሚያስፈልጋቸው፣ ቀለል ያለ ጥናት የሚበቃቸውና ጥናት የማያስፈልጋቸው በማለት። ለደን ወረዳ ቁም ነገሩ ያለው በአንዲት ሐረግ ላይ ነው። በቀላሉ ሊጎዳ በሚችል አካባቢ የሚካሄድ ሥራ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን እንደ አንደኛው መደብ ይቆጠራል። በሌላ ቦታ ቀለል ያለ ጥናት የሚበቃው እርሻ በተፈጥሮ ደን አጠገብ ሲሆን ሙሉ ጥናት ይጠየቅበታል ማለት ነው።

ጥናቱን የሚያሠራውም ወጪውን የሚሸፍነውም ባለሀብቱ ነው። ሪፖርቱ የሥራውን ዓይነትና ቴክኖሎጂ፣ የሚወጣውን ቆሻሻ ይዘትና መጠን፣ የኃይል ምንጩን፣ በጎና ጎጂ ተጽዕኖዎችን ከነዘመናቸው፣ ጉዳቱ የሚቀነስበትን ዘዴ፣ አደጋ ቢደርስ የሚወሰደውን እርምጃና ሥራው የሚፈተሽበትን ሥርዓት መያዝ አለበት። እሸት ቡና መፈልፈያ ለመትከል ያሰበ ሰው፣ ለምሳሌ ያህል፣ የማጠቢያው ውሃ ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚሄድና ከታች ማን እንደሚጠጣው መመለስ ይኖርበታል።

ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰጥበታል። መርማሪው መሥሪያ ቤት የሕዝቡንና የባለሙያዎቹን አስተያየት አይቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ከሦስቱ አንዱን እንዲወስን አዋጁ ደንግጓል፤ ያለቅድመ ሁኔታ መፍቀድ፣ በቅድመ ሁኔታ መፍቀድ ወይም መከልከል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን፣ ባለሀብቱም ሆነ ነዋሪው፣ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት ሊል ይችላል። ኃላፊውም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ተደንግጓል።

አንድ ሌላ ነጥብም አለ። ይሁንታ ማግኘት ከኃላፊነት አያድንም። ሥራው በኋላ ጉዳት ቢያደርስ ‹‹ተፈቅዶልኛል›› የሚለው መልስ ባለሀብቱን ከካሣ አያስጥለውም።

ቅጣቱን በሚመለከት አዋጁ ያለይሁንታ ሥራ በጀመረ ወይም በጥናቱ ሐሰት ባቀረበ ሰው ላይ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ጥሎ ነበር። ሕጉ ሲወጣ ዶላር በ8 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ስለነበር ከፍተኛው መቀጮ ወደ 11,600 ዶላር ይጠጋ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ያው 100 ሺህ ብር አንድ ሺህ ዶላር አይሞላም። ስለዚህ ‹‹ቢበዛ እቀጣለሁ›› ብሎ የሚያሰላ ሰው ይኖራል። ይህ ሰው የሚያሰላው የተሳሳተውን ቁጥር ነው። የሚያከስረው መቀጮው ሳይሆን በኋላ የሚመጣው እገዳ ነው።

ከጎደሬ የሚገኘው ትምህርት

የሕጉ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከሸካ ብዙ ሳይርቁ ወደ ጋምቤላ ክልል ማጃንግ ዞን መሻገር ይበቃል። በ2002 ዓ.ም. በጎደሬ ወረዳ ጉማሬ በተባለ ሥፍራ 3,012 ሄክታር መሬት ለሻይ ልማት ለአንድ የውጭ ኩባንያ ለ50 ዓመት በኪራይ ተሰጠ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 111 ብር ገደማ ስለነበር ጠቅላላው በዓመት ወደ 334 ሺህ ብር ይመጣል። በቦታው ያለው ግን ነዋሪው ማርና ቡና የሚያገኝበት ደን ነበር።

ሕዝቡ ተቃወመ። ተወካዮቹ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ፤ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ደኑ እንዲጠበቅ የሚደግፍ ደብዳቤ ጻፉ። ውሉ ግን ጸና።

ያ ለምን ሆነ ለሚለው አንዱ መልስ የሚገኘው በወቅቱ ከነበረው አሠራር ነው። በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የጥናት ምርመራውን ሥልጣን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና አስተላልፎ ነበር። የእርሻ ፕሮጀክቶች ምርመራ የግብርና ሚኒስቴር ድርሻ ሆነ። ለትልልቅ እርሻዎች መሬት የሚያከራየውም ያው ሚኒስቴር ነበር። መሬት የሚሰጠውም፣ ‹‹ይሰጥ ወይ?›› የሚለውን የሚመረምረውም አንድ ቤት ሆነ።

ሌላው መልስ በራሱ በውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ዘመን ይፋ የሆኑ የትልልቅ እርሻዎች የኪራይ ውሎች ተከራዩ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት አሠርቶ ውሉ ከተፈረመ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ እንዲያቀርብ ያዛሉ። ጥናቱ መቅደም እንዳለበት አዋጁ ሲናገር ውሉ እንዲከተል አደረገው። ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ጥናት ‹‹አይሆንም›› ለማለት አቅም የለውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

በሰኔ 2009 ዓ.ም. የማጃንግ ደን ከ233 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ይዞ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዘገበ። ሰባት ዓመት አስቀድሞ የመሬት ኪራይ ይቆረጥበት የነበረው ዞን ለዓለም ቅርስነት ያህል ተፈላጊ ደን እንዳለው ያኔ በይፋ ታወቀ። ነዋሪዎቹ ግን ከመጀመሪያው ይሉት የነበረው ይህንኑ ነበር። አስቀድሞ የተደረገ ሐቀኛ ጥናትና ምክክር ቢኖር ኖሮ ሰባት ዓመት መጠበቅ ባላስፈለገ።

ሒሳቡ ሲሠራ

አሁን ጉዳዩን በነጋዴ ዓይን እንየው። አንድ ባለሀብት 200 ሄክታር ለቡና ተሰጠው እንበል። ቡናውን 2 ሜትር በ2 ሜትር ቢተክል በአንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይገባል። ለ200 ሄክታር ግማሽ ሚሊዮን ችግኝ ያፈላል።

ችግኙ ከፈላ በኋላ ጥናቱ ይመጣል። ተለክቶ ሲታይ 120 ሄክታሩ በሕጉ መለኪያ ደን ሆኖ ተገኘ፤ ለተከላ የተፈቀደው 80 ሄክታር ብቻ ነው። ለ80 ሄክታር የሚያስፈልገው 200 ሺህ ችግኝ ስለሆነ 300 ሺህ ችግኝ ተረፈ። አፈሩ፣ ፕላስቲኩ፣ የውሃ አጠጪው ደመወዝና የጥላው ዳስ ወጪ አብሮ ጠፋ። ለ200 ሄክታር ተብሎ የተገዛው ትራክተርና ለ200 ሄክታር የተሠራው መጋዘን ለ80 ሄክታር ይሠራሉ። የባንኩ ብድርም የተሰላው በ200 ሄክታር ምርት ነው። ቡና ምርት መስጠት እስኪጀምር ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጅ በመሆኑ ይህ ክፍተት የሚሸፈንበት ገቢ የለም።

ያው ባለሀብት ጥናቱን አስቀድሞ ቢያሠራ ኖሮ በእጁ የሚቀረው 80 ሄክታር ያው 80 ነው። ልዩነቱ 200 ሺህ ችግኝ ብቻ ያፈላ ነበር። ብድሩን በልኩ ይጠይቅ ነበር። ወይም ‹‹80 ሄክታር አያዋጣኝም›› ብሎ ወጪ ሳያወጣ ይተወው ነበር። በንግድ ዓለም ሳይገቡ መቅረትም አንድ ትርፍ ነው።

በሌላኛው ወገን ያለው ሒሳብም አብሮ ይሠራ። ባለሀብቱ ሳይጠይቅ 120ውን ሄክታር ቢመነጥረው ኖሮ የሚከስሩት ኮቦ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ በአንድ ቀን ይወድቃል፤ ገተም ተተክሎ ንብ የሚቀስምበት እስኪሆን ግን የልጅ ዕድሜ ይጠይቃል። የተቆጣ ጎረቤት ያለው እርሻ ደግሞ ዘበኛ በመጨመር ብቻ ሰላም አያገኝም።

የገበያው በር

‹‹ወረዳው ዝም ካለኝ ምን ቸገረኝ?›› ለሚል ሌላ ጠያቂ ከሩቅ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ቁጥር 1115 ወደ ገበያው የሚገቡ ሰባት ሸቀጦችን ይመለከታል። ከነዚህ አንዱ ቡና ነው፤ ሻይ በዝርዝሩ የለም። ሕጉ ሁለት ዋና ነገሮች ይጠይቃል። የመጀመሪያው ቡናው የበቀለበት መሬት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደኑ ያልተመነጠረ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ቡናው የተመረተው የአምራቹን አገር ሕግ በማክበር መሆኑ ነው። የመሬት አጠቃቀም መብት፣ የአካባቢ ጥበቃና የሌሎች ወገኖች መብት በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

እንግዲህ በማሻ ወይም በየኪ ችላ የተባለ ወረቀት በሐምቡርግ ወደብ ይጠየቃል ማለት ነው። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ወሰኑ በሙሉ በካርታ ነጥቦች ተለክቶ መቅረብ አለበት፤ ከዚያ በታች ላለው አንድ ነጥብ ይበቃል። የሳተላይት ምስል ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ጋር ስለሚያስተያይ ‹‹ዱሮም ማሳ ነበር›› የሚለው ቃል ብቻውን አያዋጣም።

የሕጉ መተግበሪያ ቀን በ2024ና በ2025 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። የምንጠራው መቁረጫ ቀን ግን አልተገፋም። በመሆኑም ‹‹ተራዝሟልና ጊዜ አለን›› ብሎ ዛሬ ደን የሚመነጥር ሰው ነገ የሚሸጥበትን ገበያ በገዛ እጁ እየዘጋ ነው። በተጨማሪም የኅብረቱ የደን መለኪያ ከኢትዮጵያው ይለያል፤ በዚያኛው ቁመቱ 5 ሜትር፣ ሽፋኑ 10 በመቶ ነው። አንድ ማሳ በአንዱ መለኪያ አልፎ በሌላው ሊወድቅ ስለሚችል ጥናቱን የሚሠራው ባለሙያ ሁለቱንም እንዲለካ በውል ማዘዝ ይጠቅማል።

ቅደም ተከተሉ በአጭሩ

ከላይ ከተባለው ተነስቶ በደን ወረዳ ለማልማት የሚያስብ ሰው ሊከተለው የሚገባው መንገድ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ውል ከመፈረም በፊት የቦታውን ወሰን ነጥቦች ተቀብሎ በየትኛው ቀጠና እንደሚገኝ ማረጋገጥ። አስኳል ወይም ከለላ ውስጥ ከሆነ ሌላ ቦታ መጠየቅ።

2ኛ. ደኑን በሕጉ መለኪያ ማስለካት። የተዳፋቱንም መጠን አብሮ ማስለካት ብልህነት ነው፤ የ1997ቱ የመሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ ትቶት ነበር።

3ኛ. በቀበሌው ተቀምጦ ከሽማግሌዎችና ከደን ተጠቃሚ ማኅበራት ጋር መነጋገር። ኮቦው የማን እንደሆነ፣ ቀፎው የት እንደተሰቀለ በስምና በቦታ መመዝገብ። ስብሰባው ቃለ ጉባዔ ይኑረው። ፊርማ ብቻ ሳይሆን የተነሳው ተቃውሞም ይጻፍበት፤ ተቃውሞ የሌለበት ቃለ ጉባዔ የሚያምነው መርማሪ አይኖርም።

4ኛ. ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፕሮጀክቱ በየትኛው መደብ እንደሚወድቅ በጽሑፍ መጠየቅ። በሥራ ላይ ያለውን መመሪያና የአገልግሎት ክፍያ ከዚያው መቀበል።

5ኛ. ጥናቱን ማሠራት፣ ማቅረብ፣ ይሁንታውን መቀበል። በቅድመ ሁኔታ ከተፈቀደ እያንዳንዱን ቅድመ ሁኔታ በበጀት መያዝ።

6ኛ. የመሬት ውሉን መፈረም። ውሉ ላይ የሚጻፈው ስፋት ጥናቱ የፈቀደው ስፋት ይሁን። አሠራሩ ውሉን የሚያስቀድም ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ‹‹የአካባቢ ይሁንታ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል፣ የተከፈለው ኪራይ ይመለሳል›› የሚል አንቀጽ እንዲገባ መጠየቅ።

7ኛ. ከዚህ በኋላ ብቻ ችግኝ ማፍላት፣ መኪና መግዛትና ሠራተኛ መቅጠር።

ይህ መንገድ ረጅም ይመስላል፤ ወራትም ይወስዳል። በየቢሮው ያለው መጉላላትም የታወቀ ነው። መንግሥትም ከዚህ በኩል ሥራ አለበት፤ መሬት የሚሰጠውንና ጥናት የሚመረምረውን ቤት አለያይቶ ማቆየትና በአዋጅ የተቀመጠውን የ15 ቀን ገደብ ማክበር የእርሱ ድርሻ ነው። ባለሀብቱ ግን ቢሮው እስኪስተካከል ድረስ ቅደም ተከተሉን በራሱ ማስተካከል ይችላል። ጥናቱን አስቀድሞ እንዳያሠራ የሚከለክለው ሕግ የለም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በደን ወረዳ ግን ያፈሰሱትን ለቅሞ መመለስ የለም፤ የወደቀው ዛፍ ተመልሶ አይቆምም፣ የተዘጋው ገበያም በቀላሉ አይከፈትም።